የአናጢው ቁመት

የወንድሜ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ምን እንደምታጠና ሰፈሩ በትክክል ሳያውቅ ነው የተመረቀችው። ጥፋቱ የአባቷ ነው። የትምህርት ክፍሏ ስም «የቤተሰብና የሸማቾች ሳይንስ» ይባል ነበር። ወንድሜ ይህን ስም እንደ ረዘመ ጣውላ ከፊቱ ቆርጦ ጣለና ጫፉን ብቻ አስቀረ። «ልጅህ ምን እያጠናች ነው?» ሲሉት «ሳይንስ» ይላል። «የምን ሳይንስ?» ሲሉት «ሳይንስ ነዋ! ሳይንስ ሳይንስ ነው» ብሎ መጋዙን ያነሳል። መጋዝ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ወሬ አይሰማም።

እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ። የምንኖረው አንድ ግቢ ውስጥ ነው። የኔ ሱቅ በመንገዱ በኩል፣ የወንድሜ ቤት ከኋላ፣ መሃል ላይ ደግሞ እሱ እንጨት የሚሠራበት የቆርቆሮ ዳስ አለ። ቤቱን ከበሩ እስከ ጣሪያው ራሱ ነው የሠራው። ሰው ፀጉሩን ሲታጠብ የማያወራው ነገር ስለሌለ የሰፈሩ ጉድ መጀመሪያ የሚደርሰው እኔ ጋ ነው፤ የሰማሁትን ደግሞ ሆድ ይፍጀው ብዬ አላሳልፍም። ይህን ከወዲሁ የምናገረው በኋላ «አፏ አያርፍም» እንዳትሉኝ ነው። አያርፍም፤ አውቃለሁ።

ልጅቷ ትምህርቱን የመረጠችው ወዳ ነው። ውጤቷ ለፈለገችው ይበቃ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ሌላ ከተማ የአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ ነው፤ በስልክ ሲሰማ «ባልትና ለመማር ዩኒቨርሲቲ? እናታችን ብትኖር በነፃ ታስተምራት አልነበር?» ብሎ ሳቀ። እኛም ሳቅን፤ ወደው አይስቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዶክተር ድስት» አላት፤ ስሙም ተጣበቀባት። እሷ እንደ አባቷ ነገር የምትይዘው በጥርሷ ነው።

ለዕረፍት ስትመጣ የምታወራልን ነገር ጉድ ነበር። አንድ ጊዜ መዋዕለ ሕፃናት ግቢ ውስጥ ተቀምጣ፣ አንዱ ሕፃን ከሌላው ላይ አሻንጉሊት ሲቀማ እያየች ስትጽፍ መዋሏን ነገረችን። «ለዚህ ማርክ ይሰጣሉ?» አልኳት። «ይሰጣሉ እትዬ።» «እንግዲያው እኔ ፕሮፌሰር ነኛ! ስንቱን ቀማኛ ነው እዚህ ተቀምጬ የማየው።» ሌላ ጊዜ ክር አቃጥላ በጢሱ ሽታ ብቻ ጥጥ ይሁን ናይለን ለየችልኝ፤ «ንጹህ ሐር ነው» ብለው የሸጡልኝ ሻሽ ናይለን ሆኖ ተገኘ። የሰፈሩ ባለሱቅ ጋ ስትገባ የታሸገውን ሁሉ እያገላበጠች ጀርባውን ታነባለች። አንዴ ጊዜው ያለፈበት ዱቄት ካገኘችበት ወዲህ ሰውዬው ከሩቅ ሲያያት «መርማሪዋ መጣች!» እያለ መደርደሪያውን ያስተካክላል።

ከሁሉ የደነቀኝ የሱቄ ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ ጥግ ላይ ተቀምጣ እኔ የሄድኩበትን ሁሉ በጠመኔ ወለሉ ላይ አሰመረችው። ማታ ሳየው ወለሉ የሸረሪት ድር መስሏል። «ይሄ ሁሉ እኔ ነኝ?» አልኳት። «አንቺ ነሽ» አለችና ማጠቢያውንና ማድረቂያውን ቦታ አቀያየረችልኝ። እግሬ ማታ ማታ ማበጡን ተወ። ለወንድሜ ስነግረው «ይሄማ የአናጢ ሥራ ነው» አለ። ደስ ብሎታል፤ ግን ደስ አለኝ ብሎ የሚናገር ሰው አይደለም።

አብረዋት የተመረቁት በየፊናቸው ተበተኑ። አንዷ የሕፃናት ምግብ ፋብሪካ ገብታ ቀኑን ሙሉ ትቀምሳለች። አንዱ ትልቅ ሆቴል ውስጥ የአንሶላና የፎጣ ኃላፊ ሆነ። አንዷ ሸማቾችን የሚጠብቅ ቢሮ ውስጥ ከአጭበርባሪ ነጋዴ ጋር ስትጨቃጨቅ ትውላለች፤ እሱስ ለኔ የተፈጠረ ሥራ ነበር። የኛዋ የሕሙማን ተሃድሶ ማዕከል ውስጥ ተቀጠረች። ታመው ወይም አደጋ ደርሶባቸው እጅ እግራቸው እንደ ድሮው አልታዘዝ ያላቸው ሰዎች አሉ አይደል? እነሱ ከሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት ቤታቸው ሄዳ ሰውዬው ብቻውን እንዲኖርበት አድርጋ ታስተካክላለች። ቤቱን ትለካለች፤ ሰውዬውንም ትለካለች። ሰውን ደግሞ ሦስት ጊዜ ነው የምትለካው፤ ሲነሳ፣ ሲውል፣ ሲደክመው። «ሰው ቀኑን ሙሉ አንድ ቁመት የለውም» ትላለች። ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም። ወንድሜ ሥራ ለሚያስለምደው ሁሉ «የበር መቃን ላዩን፣ መሃሉን፣ ታቹን ለካ! አንድ ቦታ ብቻ የተለካ በር አይዘጋም» እያለ ሲጮህ ነው ያደገችው። እሱ ግን ለሰው «ልጄ ሆስፒታል ነው የምትሠራው» ይላል። ይኸውላችሁ፣ ሌላ ቁራጭ።

ከዚያ ወንድሜን ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ ከዳው፤ ቀኝ እግሩ ይጎተታል፤ አፉ ወደ አንድ ወገን ዘመም አለ። አጭር ቃል ይወጣለታል፤ ረጅም ቃል ግን መሃሉ ላይ ይሰበርበታል። ሲሰበርበት ያፍርና ዝም ይላል፤ ሰው ገምቶ ሲጨርስለት ደግሞ ዓይኑ ደም ይለብሳል። ስለዚህ ሁሉን ነገር አሳጠረው። «ውሃ።» «በሩን።» «ተይኝ።» በተለይ «ተይኝ» ጥርት ብላ ነው የምትወጣው።

ወንድ ልጁ ከሥራው ፈቃድ ወስዶ መጣ። «አባባ ከእኔ ጋር ይሄዳል» አለ። የሚኖረው ፎቅ ላይ ነው፤ በመስኮት ቢያዩ የሰው ጣሪያ እንጂ ሌላ አይታይም። እውነቱን ለመናገር ልጁ ክፉ አይደለም። እኔና ልጅቷ ሁለታችንም ቀን ሥራ ላይ ነን። እኔ ግቢው ውስጥ ብሆንም የሰው ራስ በሳሙና ሞልቼ ትቼ መሮጥ አልችልም።

«ቀን ብቻውን ምን ሊበላ ነው? ማን ያሞቅለታል?» አለ።

«ራሱ» አለች እህቱ።

«በየትኛው እጁ?»

«እሱን ለኔ ተወው።»

«ይሄ እኮ የክፍል ፈተና አይደለም፣ ዶክተር ድስት!»

ብዙ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ተስማሙ። ልጁ በሚቀጥለው ዕረፍቱ ተመልሶ ይመጣል፤ አባቱ ማንም ሳይረዳው ምሳውን አሰናድቶ ሲበላ ካየ እዚሁ ይተወዋል፤ ካልሆነ ይዞት ይሄዳል። ወንድሜ ይህን ሁሉ አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማል። «ቤቴ» አለ።

ልጅቷ ሜትሯን ይዛ የመጣች ዕለት እኔ የፀጉር ቀለም በእጄ እንዳለ ሮጬ በሩ ላይ ቆምኩ። ደንበኛዬ ራሷን በላስቲክ ተጠቅልላ ትጠብቀኛለች። ትጠብቅ።

«ቁም እስቲ አባባ፤ ልለካህ» አለችው።

«ሰው» አለ ወንድሜ፤ «ለልብስ… ለሳጥን።» ሰው የሚለካው ወይ ለልብስ ወይ ለሬሳ ሳጥን ነው ማለቱ ነው። የዱሮ ቀልዱ ናት።

«የኔ ለምሳ ነው» አለችው።

ምርኩዙን ለኔ አቀበለኝና ግድግዳው ሥር ቆመ። ደረቱን ነፋ፣ አገጩን አቀና፣ ትንፋሹን ያዘ፤ ወታደር ሆኖ ቁጭ! ከታመመ ወዲህ እንዲያ ቀጥ ብሎ አይቼው አላውቅም። «ግራ እጅህ እስከየት ይደርሳል?» ስትለው በእግሩ ጣቶች ጫፍ ብድግ ብሎ «እዚህ!» አለ። «ቆመህ ነው ተቀምጠህ የምታበስለው?» ስትለው ደግሞ ተቆጣ። «አናጢ!» አለ። አናጢ ተቀምጦ አይሠራም ማለቱ ነው። ልጅቷ ፈገግ ብላ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገችና ሜትሯን አጠፈች።

ኩሽናውን የሠራው «ሚስማሩ» የምንለው የወንድሜ የሥራ ባልደረባ ነው። ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ነው ስሙ። ወንድሜ ወንበሩ ላይ ሆኖ «ጠማማ!» እያለ ያዝዘዋል። ምንም አልጠመመም ነበር። ሲያልቅ አማረ። የእንጨት መደብ፣ እላዩ ላይ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ከበላዩ መደርደሪያ። መክተፊያው ላይ ሁለት የማይዝጉ ሚስማሮች ሽቅብ ቆመዋል፤ ቲማቲሙን እዚያ ላይ ሰክቶ በአንድ እጁ ይቆርጠዋል። ድስቱ ትልልቅ ጆሮ ያለው ነው። ሳህኑ እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ይነጠፋል። ደንበኞቼ ሳይቀሩ ፀጉራቸውን እንደጠቀለሉ እየመጡ ጎበኙት።

ጠዋት ጠዋት ልጅቷ ሾርባ ሠርታ ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጣለች። የእሱ ሥራ አውጥቶ ማሞቅ፣ ቲማቲም ቆራርጦ መጨመር፣ ዳቦውን ይዞ መብላት ነው። ማታ ስትመለስ ሳህኑ ታጥቦ ተደፍቷል።

«በላህ አባባ?»

«በላሁ።»

«ጣፈጠ?»

«ጨው» ይላል። ጨው አንሶታል ማለቱ ነው። ምግብ ላይ እንከን የሚያወጣ ሰው ደግሞ የበላ ሰው ነው፤ ማን ይጠረጥራል?

ውሎ አድሮ ግን ሱሪው ይሰፋው ጀመር። ቀበቶው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ ቀዳ። የጎረቤት ውሻ ደግሞ ወፈረ። አጥንቱ ይቆጠር የነበረ ውሻ በአንድ ጊዜ ሆዱ መሬት ሊነካ ደረሰ፤ ባለቤቱ «ምን አግኝቶ ነው?» እያለች ሱቄ መጥታ ትገረማለች። እኔም አብሬያት ተገረምኩ።

አንድ ቀን ማድረቂያዬ ጭስ አወጣና ቀጥ አለ። ደንበኞቼ እርጥብ ፀጉራቸውን በፎጣ ጠቅልለው እያጉረመረሙ ሄዱ። ሥራ ከሌለ ብዬ በምሳ ሰዓት ወደ ኋላ ቤት ገባሁ።

ወንድሜ ቆሞ አልነበረም። የመሣሪያ ሳጥኑን ገልብጦ እላዩ ላይ ተቀምጧል። ለካ ያ እግሩ ለመለካት ያህል ነው ያቆመው፤ ሾርባ እስኪሞቅ አያቆመውም። መደቡ አገጩ ላይ ይደርሳል። ግራ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ የድስቱን ጆሮ ለመያዝ ይዳክራል፤ ድስቱ እንደ ሰው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎታል። ያልሞቀ ሾርባ ድሮም አይወርድለትም፤ ሾርባው ከነሳህኑ ጓሮ በር ላይ ተቀምጧል፤ ውሻው አንገቱን አስገብቶ ይልሳል። «ኩራቱ እራቱ» ሲባል እሰማ ነበር፤ የዚህኛው ኩራቱ ምሳውም ሆነ!

«ጋሼ! ምን እየሠራህ ነው?»

ደነገጠ። «አትንገሪ» አለኝ።

«አልናገርም? ምሳህን ለውሻ እያበላህ በረሃብ ልታልቅ ነው?»

«አትንገሪ!»

«እኮ ለምን?»

መልስ የሚሰጠኝ አልመሰለኝም ነበር። ከዚያ ቃል በቃል፣ እየሰበረና እየቀጠለ፣ ከታመመ ወዲህ ተናግሮ የማያውቀውን ያህል ተናገረ። «ቁመቴን… ዋሸኋት። ልጁ ይመጣል። አልሆነም… ካልን… ይስቅባታል። ድስት… ይላታል።»

እኔ የሚፈራው ለቤቱ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለቤቱማ ይፈራል፤ በገዛ እጁ የሠራው ነው። ግን እየራበው ዝም ያለው ለእሷ ስም ነው። የትምህርቷን ስም አንድ ቀን አሟልቶ ጠርቶት የማያውቅ ሰው! ቆሽቴ አረረ፣ ደግሞም አሳዘነኝ፤ ሁለቱ ሲደራረቡብኝ አፌ አይመረጥም።

«መጀመሪያ ያፈርክባት አንተ አይደለህም እንዴ?» አልኩት።

«ተይኝ» ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። አላለኝም። አንገቱን ደፋ።

ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ነገርኳት። ብዬ የለ፣ አያርፍም። ሰምታኝ ስታበቃ ኩሽና ገባች። ቀኝ እጇን በሻርፕ ከሆዷ ጋር አሰረች፣ የተገለበጠው ሳጥን ላይ ተቀመጠች፣ ድስቱን ለማውረድ ሞከረች። አልደረሰችም። እዚያው እንደተቀመጠች ግድግዳው ላይ ያለውን የእርሳስ ምልክት አየችው።

«ማንንም ሰው ሦስት ጊዜ ነው የምለካው» አለች። «እሱን አንዴ ለክቼ ተውኩት።»

«ረስተሽ ነዋ።»

«አልረሳሁም እትዬ። ቀጥ ብሎ ሲቆም የድሮው አባባ መሰለኝ። ደስ አለኝ። ደግሜ ብለካው የሚያጥርብኝ መሰለኝ።»

ትንሽ አለቀሰች፤ ብዙም አይደለም። ከዚያ ሻርፑን ፈትታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ወንበር ይዛ አባቷ ክፍል ገባች። እኔም ተከተልኳት፤ መቼስ ውጪ ልቆም ነው?

«አባባ፣ የበር መቃን ስንት ቦታ ነው የሚለካው?»

እኔን በዓይኑ ወጋኝ፤ መናገሬ ገብቶታል። ከዚያ «ሦስት» አለ።

«አንተን ስንት ጊዜ ለካሁህ?»

አንድ ጣቱን አነሳ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። የሚዘጋ በር ልሥራ፤ ተቀመጥልኝ።»

ተቀመጠ። እንደ ልማዱ ደረቱን ነፋ፣ አገጩን አቀና። እሷ ሜትሯን አላወጣችም። ቆማ ጠበቀችው፤ እሱም ትንፋሹን ይዞ ጠበቃት። ሁለት ግትር! እኔ ነኝ መሃላቸው የታፈንኩት። በመጨረሻ ቀስ ብሎ ለቀቀው። ትከሻው ወረደ፣ ወገቡ ታጠፈ፣ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ወደቀ። ወንድሜ ማርጀቱን ያን ቀን ነው ያየሁት።

«አሁን ለኪ» አለ።

ያን ማታ ለካችው፤ በማግሥቱ ጠዋት ለካችው፤ ከምሳ በኋላም ከሥራ አስፈቅዳ መጥታ ለካችው። ሚስማሩ ተጠራ። የመደቡን እግሮች ሲያይ «ይሄን የመሰለ ሥራ ልቆርጥ ነው?» ብሎ ቅር አለው። ወንድሜ ምርኩዙን ተደግፎ መጥቶ ግራ እጁን ጣውላው ላይ ጫነለት። «ቁረጥ» አለው። መደርደሪያውም ወረደ፣ ቁመቱ ልክ የሆነ በርጩማም ተሠራ። ውሻው ለጥቂት ቀን በር ላይ እየመጣ ቢጠብቅ የሚያየው አጣ።

ልጁ በቃሉ መጣ። ትልቅ ሻንጣ ይዞ ነው የመጣው፤ ባዶ። በሩ አጠገብ አቆመው፤ ወንድሜም አየው።

ቅዳሜ ስለነበር ሁላችንም ቤት ነን። ማንም እንዳይነሳ ብላ ልጅቷ አስጠነቀቀች። ወንድሜ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ሾርባውን አወጣ። ድስቱን በአንድ ጆሮው ይዞ መደቡ ላይ አንሸራትቶ ምድጃው ላይ አደረሰው። ቲማቲሙን የመክተፊያው ሚስማሮች ላይ ሰካ። ቢላዋ በግራ እጅ ሲሄድ ያስፈራል፤ ልጁ ሁለት ጊዜ ከወንበሩ ብድግ አለ፣ እህቱ ሁለት ጊዜ በዓይኗ አስቀመጠችው። አንዱ ቲማቲም ተንከባሎ መሬት ወደቀ። ወንድሜ አየው፣ ተወው፣ ሌላ አነሳ። ሾርባው ሥሩ ትንሽ አረረ፤ ሽታው ይናገራል። ቢሆንም ቀዳ። መጀመሪያ ለልጁ አቀረበለት፤ ከዚያ ለራሱ ቀድቶ መብላት ጀመረ።

ልጁ ቀመሰ። ቤቱን አየ፣ መደቡን አየ፣ የአባቱን በርጩማ አየ። ሳቅ አልነበረበትም።

«ሚስማሩ ነው ይሄን የሠራልህ?» አለው።

«ልጄ ናት» አለ ወንድሜ።

«ለመሆኑ የተማረችው… ስሙ ምን ነበር?» አለ ልጁ። ሊያሾፍ አይደለም፤ «ድስት» ሲል ስለኖረ ስሙን እውነትም አያውቀውም።

ወንድሜ ማንኪያውን አስቀመጠ። አፉን በእጁ ጠረገ።

«የቤተሰብ…» አለና ቆመ። ከንፈሩ ወደዚያ ወደ ዘመመው ወገን ሄደ፣ ተመለሰ። ልጨርስለት አፌን ስከፍት ልጅቷ ከጠረጴዛው ሥር እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘችኝ። ዘጋሁት። ልጁም አልጨረሰለትም፤ አያውቀውማ። «የቤተሰብና… የሸ…» አለ። ተሰበረበት። ያፍርና ይተወዋል ብዬ ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረው። «የቤተሰብና… የሸማ… የሸማቾች…» ግንባሩ ላብ አወጣ።

«ሳይንስ» አለ። ይቺን ቃልማ ድሮም ይችላታል።

ከዚያ ማንኪያውን አንስቶ መብላቱን ቀጠለ። «ጨው» አለ። ልጅቷ ጨውን አቀበለችውና ወደ ጓሮ ወጣች፤ ፊቷን ልትታጠብ እንደሆነ ገብቶናል። ልጁ ሾርባውን እስከ ሥሩ ጨረሰ፤ ያረረውንም ጭምር። በማግሥቱ ሲሄድ ሻንጣውን ባዶውን ይዞት ሄደ።